ለትንንሽ ልጆች የሥዕል መጽሐፍ ስትመርጡ ምኑን ታያላችሁ?

ማታ አንባቢዋ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የአራት ዓመት ሴት ልጅና ሁለት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ወንድ ልጅ አለኝ። ማታ ማታ አብረን እናነባለን። ስለ ሥዕል መጻሕፍት ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመ ብዙ ነገር ስላለ ዛሬ ላውጣው ብያለሁ። የማትስማሙበት ካለ ደግሞ ንገሩኝ።

ለእኔ ጥሩ የሥዕል መጽሐፍ ማለት ሥዕሉ የራሱ ሥራ ያለው ነው። ብዙዎቹ ላይ ሥዕሉ ጽሑፉን ከመድገም አያልፍም። ጽሑፉ «ልጁ ቀይ ኳስ ያዘ» ይላል፤ ሥዕሉ ላይ ቀይ ኳስ የያዘ ልጅ አለ። በቃ። እኔ አነባለሁ፣ ልጄ ትሰማለች፣ ገጹ ይገለጣል። እሷ የምትሠራው ነገር የለም።

ሥዕሉ ጽሑፉ ያልተናገረውን ሲናገር ግን ቤቱ ሌላ ይሆናል። አንድ መጽሐፍ አለን፣ ጽሑፉ ክፍሉ ውስጥ ማንም እንዳልነበረ ይናገራል። ሥዕሉ ላይ ግን ከመጋረጃው ሥር የሁለት ጫማዎች ጫፍ ብቅ ብሏል። ልጄ ይህን ያየች ለታ እጄን ጭብጥ አድርጋ ያዘችና «ቆይ ቆይ! አለ እኮ! እዚህ ጋ አለ!» አለች። ከዚያ ወንድሟን ጎትታ አምጥታ ጣቱን በግድ ጫማዎቹ ላይ አስቀመጠችለት። ተራኪው የማያውቀውን እሷ ታውቃለች። ለአራት ዓመት ልጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሁሉን የሚያውቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ እዚህ ገጽ ላይ ግን የምታውቀው እሷ ናት።

ደግሞ አንርሳ፣ ልጆች የሚያዩት ፊደሉን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 ዓ.ም. የካናዳ ተመራማሪዎች ማንበብ ያልጀመሩ ልጆች ሲነበብላቸው ዓይናቸው የት እንደሚያርፍ በመሣሪያ ተከታትለው ነበር። ዓይናቸው ያለው ሥዕሉ ላይ ነው፤ ጽሑፉን ከነጭራሹ አላዩትም ማለት ይቻላል። እኛ ፊደል ስንከተል እነሱ ሥዕል ያነብባሉ። ሥዕሉ የሚለው ነገር ከሌለው ታዲያ ልጁ ምኑን ያንብብ?

ልቤን የሚያወልቁትንም ልናገር። ቁልፍ ሲጫኑት የሚጮኸው አንዱ ነው። ልጁ ቁልፉን ሲደበድብ ታሪኩ ይቀራል። ሌላው ገጹን በቀለም አጥለቅልቆ ዓይን የሚያርፍበት ቦታ የሚያሳጣው ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ደግሞ መጨረሻው ላይ «ስለዚህ ልጆች፣ ሁልጊዜ መታዘዝ አለባችሁ» ብሎ የሚዘጋው። ታሪኩን የጻፈው ሰው ልጆችን ያላመናቸው ይመስለኛል።

እናንተስ? ስትመርጡ ምኑን ነው የምታዩት?


የሁለቱ አባት፦

በብዙው እስማማለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን ልከራከርሽ ነው። የሚከፈት ክዳን ያላቸውን፣ የሚጎተት ነገር ያላቸውን መጻሕፍት አብረሽ አታጥፊያቸው። የእኔ ትንሹ ልጅ አንድ ቦታ አይቀመጥም። መጽሐፍ ስከፍት ሄዷል። ክዳን ያለው ሲሆን ግን ተመልሶ ይመጣል፣ ጉልበቴ ላይ ይቀመጣል፣ ከታች ምን እንዳለ እያወቀው እንኳን በየጊዜው ከፍቶ ይደነቃል። በእሱ ምክንያት ነው ከመጽሐፍ ጋር የተዋወቀው። ያ ባይኖር እስካሁን ምንም ባላነበብን።


ማታ አንባቢዋ፦

ወንድሜ፣ እኔ የጠላሁት የሚጮኸውን ነው እንጂ ክዳኑን አልነካሁም። ያም ሆኖ የልጅህ ነገር ገባኝ። የሚያስቀምጠው ነገር ካገኘህ ያዘው።


ቲቸር ነኝ፦

ሰላም። አፀደ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ ስለዚህ መጽሐፍ ሲቀደድም፣ ሲላስም፣ ሲወደድም በየቀኑ አያለሁ።

ስለ ክዳኑ አንድ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ሁለት ዓመት አካባቢ ያሉ ልጆችን ተመልክቷል። ለአንዳንዶቹ ተራ የሥዕል መጽሐፍ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ብቅ የሚልና የሚጎተት ነገር ያለበት መጽሐፍ ተነበበላቸው። አዳዲስ የእንስሳት ስሞችንና ስለ እንስሳቱ የተነገራቸውን ነገር የበለጠ የያዙት ተራው መጽሐፍ የተነበበላቸው ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ እጁ ሥራ ሲይዝ ሐሳቡም እጁ ላይ ይሆናል። ክዳኑን ሲከፍት ስለ ክዳኑ ነው የሚያስበው።

ይህ ማለት ግን ክዳን ያለውን ጣሉት ማለት አይደለም። የሁለቱ አባት፣ ልጅህ ጉልበትህ ላይ መቀመጥን የተማረው በዚያ መጽሐፍ ከሆነ መጽሐፉ ሥራውን ሠርቷል። እኔ ክፍል ውስጥ ሁለቱንም አስቀምጣለሁ። አዲስ ቃል እንዲይዙልኝ ስፈልግ ግን የማነሣው ተራውን ነው።


አዲስ እናት፦

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ትንሽ ልወጣ ነው መሰለኝ። ልጄ ገና አምስት ወሩ ነው። መጽሐፍ ስሰጠው ጥግ ጥጉን ያኝካል፣ ከዚያ ይጥለዋል። ሰዎች «ገና ምን ይገባዋል ብለሽ ነው» ይሉኛል። እውነት አሁን ማንበብ ዋጋ አለው? ወይስ ልጠብቅ?


ማታ አንባቢዋ፦

እህቴ፣ በፍጹም አትጠብቂ! ማኘኩም የማወቂያ መንገዱ ነው። በዚህ ዕድሜ ነገርን ሁሉ በአፋቸው ነው የሚመረምሩት። ወፍራም የካርቶን ገጽ ያለው፣ ጥጎቹ የተጠጋጉ መጽሐፍ ስጪውና ያኝክ። አንቺ ሌላ መጽሐፍ ይዘሽ አንብቢለት። ድምፅሽን ነው የሚፈልገው።


ቲቸር ነኝ፦

ማታ አንባቢዋ ያለችው ትክክል ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. ባወጣው አቋም ለልጆች ድምፅ እያሰሙ ማንበብ ከጨቅላነት ጀምሮ እንዲሆን መክሯል።

አዲስ እናት፣ የትንንሾቹ ዓይን እንዴት እንደሚያድግ ማወቁ ይጠቅምሻል። አዲስ የተወለደ ሕፃን ደህና አድርጎ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ያለውን ነው፤ ጡት ሲጠባ የእናቱ ፊት እንደሚሆንበት ርቀት ማለት ነው። የሚስቡትም ጎላ ያሉ ነገሮች ናቸው፣ ጥቁርና ነጭ፣ ወፈር ያለ መስመር፣ ፊት። የአንቺ ልጅ ግን አምስት ወሩ ስለሆነ ቀለሞችን በደንብ መለየት ጀምሯል። ጥቁርና ነጭ መጽሐፍ ፍለጋ አትድከሚ።

ደግሞ ከጥቂት ወራት በኋላ የምታዪውን አንድ ነገር ልንገርሽ። ዘጠኝ ወር ገደማ ሲሆነው ሥዕሉን በጣቱ ይቧጭረዋል፣ ከገጹ ላይ ሊያነሣው ይሞክራል። ሥዕል ሥዕል እንደሆነ ገና አልለየም። አንድ ዓመት ተኩል ሲያልፈው መቧጨሩ ቀርቶ መጠቆም ይጀምራል፤ ያኔ ሥዕሉ ስለ አንድ ነገር «እንደሚናገር» ገብቶታል ማለት ነው። እኔ ይህን ለውጥ ባየሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ከእጅ ወደ ጣት የሚሻገሩባት ያቺ ጊዜ እንዳታመልጥሽ።


አዲስ እናት፦

ውይ እግዜር ይስጥልኝ! ሲያኝከው ሰው ቢያይ ምን ይል ይሆን ብዬ መሳቀቄን አሁን ተውኩት። ያኝካታ።


ቀለምና ብሩሽ፦

ሰላም ለቤቱ። የምተዳደረው ለልጆች መጻሕፍት ሥዕል በመሥራት ነው። ማታ አንባቢዋ ያነሣሽው ነገር የዕለት ተዕለት ጭቅጭቄ ስለሆነ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

አሳታሚ ጽሑፍ ይልክልኛል። ከእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሥር «እዚህ ጋ ይህ ይሣል» የሚል ማስታወሻ አለው። ዓረፍተ ነገሩ ውሻ ካለ ውሻ፣ ዛፍ ካለ ዛፍ። ሠዓሊው የራሱን ነገር ሲጨምር «ይህ ጽሑፉ ላይ የለም» ይሉታል። ወላጆች የምትገዙት እንዲህ ያለውን ሲሆን የሚታተመውም እሱ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥያቄ ስትጠይቁ አንጀቴን ታርሱታላችሁ።

ከሥራው ውስጥ ሁለት ነገር ልንገራችሁ፣ ከዚህ በኋላ መጽሐፍ ስታገላብጡ ታዩታላችሁ።

አንደኛው የገጽ መገለጥ ነው። የሥዕል መጽሐፍ ባብዛኛው 32 ገጽ ነው። ይህ የደራሲ ምርጫ ብቻ አይደለም። ማተሚያ ቤት ትልቁን ወረቀት አጥፎ ስለሚቆርጠው ገጾቹ በስምንት በስምንት፣ በ16 በ16 ይወጣሉ። ከዚያ ላይ የርዕሱና የአሳታሚው ገጽ ሲነሣ ለታሪኩ የሚቀረው ሁለት ሁለት ገጽ እየሆነ ከ12 እስከ 14 ጊዜ የሚገለጥ ነው። ያቺን ጥቂት ቦታ ሠዓሊው በደንብ ሊጠቀምባት ይገባል። አንድ ነገር ሊሆን ሲል እዚያው ላይ ሥዕሉን አቁሞ የሆነውን ከገጹ ጀርባ ይደብቀዋል። በሩ ተንኳኳ። እጅ መያዣው ላይ አረፈ። ግለጥ። ልጅ ገጹን ለመግለጥ የሚሽቀዳደም ከሆነ ሠዓሊው አስቦበታል ማለት ነው። ሁሉም ገጽ ለየብቻው የቆመ ሥዕል ከሆነ ግን የሚገለጥበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው የሥዕል ብዛት ነው። አንድ ጊዜ ሲገለጥ ግራና ቀኝ ሁለት የተለያዩ ትልልቅ ሥዕሎች ካሉ፣ ትንሹ ልጅ እናንተ የምታነቡት ስለየትኛው እንደሆነ አያውቅም። ይህ ተጠንቷል፤ አንድ ሥዕል ብቻ ሲያዩ ልጆች አዲስ ቃል የበለጠ ይይዛሉ። መፍትሔውም ቀላል ነው። ያው ጥናት ላይ አንባቢው ከማንበቡ በፊት ትክክለኛውን ሥዕል በእጁ ሲያሳያቸው ችግሩ ተቃሏል። ስለዚህ መጽሐፉ ቤት ካለ አትጣሉት፣ እጃችሁን ተጠቀሙ።


የሁለቱ አባት፦

ይህ የገጽ መገለጥ ነገር አስገረመኝ። አሁን መደርደሪያችን ላይ ያሉትን አንድ በአንድ እያገላበጥኩ ነው። ልጁ የሚወዳቸው በሙሉ እንዲህ ዓይነት ናቸው። እኔ የማነብበት ድምፅ ነበር የሚመስለኝ።


ዝምተኛው፦

እኔ ደግሞ በአንድ ነገር አልስማማም፣ በቅንነት ውሰዱልኝ። «ስለዚህ ልጆች» ብሎ የሚዘጋውን መጽሐፍ ለምን ትጠላላችሁ? እኛ ያደግነው በተረት ነው። ተረት መጨረሻው ላይ ምክር አለው። ልጅ መጥፎና ጥሩውን ካልተነገረው ከየት ያመጣዋል? ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ምስጢሩ ጥሩ ነው፣ ግን ልጄ ከመጽሐፉ ሲነሣ ስለ ሐቀኝነት፣ ስለ ማካፈል አንድ ነገር ይዞ እንዲነሣ እፈልጋለሁ። ይህ ጥፋት ነው?


ማታ አንባቢዋ፦

ጥፋት አይደለም ወንድሜ። እኔም ያንኑ ነው የምፈልገው። ልዩነታችን ማን ይናገረው የሚለው ላይ ነው።

ከልጄ ጋር ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ልጅ የጓደኛውን አሻንጉሊት ደብቆ የሚያስቀርበት ታሪክ አለ። ማንም አልያዘውም፣ ማንም አልተቆጣውም። ምክርም የለም። ሥዕሉ ላይ ግን ልጁ አሻንጉሊቱን ይዞ አልጋው ሥር ተጎንብሷል፣ ጀርባው ብቻ ነው የሚታየው፤ በመስኮቱ በኩል ደግሞ ሌሎቹ ውጭ ሲጫወቱ ይታያሉ። ልጄ ብዙ ጊዜ አየችውና «አግኝቶትም ደስ አላለውም» አለች። እኔ ምንም አልተናገርኩም። ከታች «መስረቅ መጥፎ ነው» የሚል ቢጻፍ ኖሮ ያን ዓረፍተ ነገር አትናገረውም ነበር፣ ምክንያቱም ተነግሮ አልቋል። ራሷ ስትለው የራሷ ሆነ።

ተረቱም ቢሆን እኮ ምክሩ ታሪኩ ውስጥ ነው ያለው። ጥሩ ተረት ነጋሪ መጨረሻውን ተናግሮ ዝም ይላል፣ ልጆቹ ናቸው የሚከራከሩት።


ቲቸር ነኝ፦

ዝምተኛው ማካፈልን ስላነሣ አንድ የቶሮንቶ ጥናት ትዝ አለኝ። ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ላሉ ልጆች ስለ ማካፈል የሚናገር አንድ ዓይነት ታሪክ ተነበበላቸው። ለአንዳንዶቹ ገጸ ባሕርያቱ ሰዎች ናቸው፤ ለሌሎቹ ልብስ የለበሱ፣ እንደ ሰው የሚናገሩ እንስሳት። ከዚያ ልጆቹ የራሳቸውን ተለጣፊ ሥዕል ለሌላ ልጅ እንዲያካፍሉ ዕድል ተሰጣቸው። የሰዎቹ ታሪክ የተነበበላቸው የበለጠ አካፈሉ። የእንስሳቱ ታሪክ ያንን ለውጥ አላመጣም።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዓላማህ ምግባር ከሆነ ልጅህ «ይህ እኔን ይመስላል» የሚለው ልጅ ያለበትን መጽሐፍ ፈልግ። ጅብና ጥንቸሉ ለሳቅ ይሁኑ።


ቀለምና ብሩሽ፦

ቲቸር፣ ጥናቱን አከብራለሁ፣ ግን ለእንስሳቱ ጠበቃ ልቁምላቸው። እኛ ሠዓሊዎች እንስሳ የምንሥለው ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ድብ ዕድሜው አይታወቅም። የቆዳው ቀለም የማንንም አይደለም። ሀብታም ይሁን ደሃ አይታይም። ወንድም ሴትም ልጅ ገብቶ ሊሆነው ይችላል። ሰው ስሥል ግን ወዲያው «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ይመጣል፤ አንዱን ልጅ ሳስገባ ሌላውን ውጭ አስቀራለሁ። ደግሞ ከባድ ነገር፣ ሞትን፣ መለየትን፣ በእንስሳ በኩል ስናሳየው ልጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ያየዋል። አንዳንዴ ያ ርቀት ያስፈልገዋል።


ቲቸር ነኝ፦

ይህን አልክድም። በተለይ የመጨረሻውን። ባለፈው አያቱ የሞቱበት ልጅ ነበረኝና ስለ ሰው አላዋራ ያለኝ መጽሐፉ ላይ ስላለው አሮጌ ዔሊ ግን ሙሉ ጠዋት አወራኝ።


የልጅ ልጆች አያት፦

ልጆቼ እንደምን አመሻችሁ። የምትጽፉትን ልጄ ነው የምታነብልኝ፣ እኔ እየነገርኳት እሷ ትጽፍልኛለች። ዓይኔ ደክሟል፣ የመጽሐፍ ፊደል አይታየኝም። ሥዕሉ ግን ይታየኛል። ለልጅ ልጆቼ ሥዕሉን እያየሁ እነግራቸዋለሁ። ጽሑፉ ምን እንደሚል አላውቅም። አንዱ ጎረምሳ፣ አምስት ዓመቱ ነው፣ «አያቴ ትናንት እንደዚህ አላልሽም!» ይለኛል። ትናንት አሳ አጥማጁ ተቆጥቶ ነበር፣ ዛሬ አዝኗል አልኩት። ፊቱን አየውና «እውነትሽን ነው፣ ሁለቱንም ይመስላል» አለኝ። ይህ ያስደስተኛል። ፊደል የሌለበት መጽሐፍ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። እውነት ነው?


ማታ አንባቢዋ፦

እማማ፣ እንኳን መጡልን! አዎ አለ። ከርዕሱ በቀር አንድም ቃል የሌለባቸው፣ ታሪኩን ሥዕሉ ብቻ የሚነግርባቸው መጻሕፍት አሉ። ለእርስዎ የተሠሩ ናቸው ማለት ይቻላል። ብዙ ወላጅ «ምኑን አነባለሁ?» ብሎ ይሸሻቸዋል። እርስዎ ግን አሁን የሚያደርጉት እሱኑ ነው። ያ የአሳ አጥማጁ ፊት ደግሞ ጎበዝ ሠዓሊ ነው የሠራው፤ ሁለት ስሜት ባንድ ፊት ላይ።


ቀለምና ብሩሽ፦

እማማ፣ ልጁ የሰጠዎት መልስ የሠዓሊ ሁሉ ምኞት ነው። እጅዎን እስማለሁ።


ራቅ ብላ የምትኖር፦

የእማማ ነገር የኔን ጥያቄ አስታወሰኝ። የምናገኛቸው መጻሕፍት በሙሉ ልጆቼ ቤት ውስጥ በማይሰሙት ቋንቋ የተጻፉ ናቸው። እየተረጎምኩ ሳነብ ይንቀረፈፋል፣ እነሱም ይሰለቻሉ። ምን ላድርግ?


ማታ አንባቢዋ፦

ጽሑፉን ተዪው እህቴ። ሙሉ በሙሉ። እማማ እንደሚያደርጉት ሥዕሉን በራስሽ ቋንቋ ተርኪላቸው። አንድ ጊዜ ብቻሽን አንብበሽው ታሪኩን ያዢ፣ ከዚያ ከልብሽ አውጪው። እንዲህ ስታደርጊ ነው ጥሩና መጥፎ የሥዕል መጽሐፍ የሚለየው። ሥዕሉ ብቻውን ታሪኩን ከተሸከመ አንደበትሽ ይፈታል። ካልተሸከመ ሁለተኛው ገጽ ላይ የምትይው ይጠፋሻል።


የሁለቱ አባት፦

አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ብቻዬን እንዳልሆንኩ ተስፋ አደርጋለሁ። ትልቁ ልጄ ያንኑ መጽሐፍ ብቻ ነው የሚለው። ማታ ያንኑ፣ ጠዋት ያንኑ። አዲስ ሳመጣ ወደ ጎን አድርጎ ያንኑ ያመጣል። ለማሳጠር አንድ ገጽ ስዘል ወዲያው ይነቃብኛል። ይህ ጤነኛ ነገር ነው? ላስለውጠው ወይስ ልተወው?


ቲቸር ነኝ፦

ተወው! ከመልካም ዜናዎች ሁሉ ይህ ይበልጣል። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 ዓ.ም. የወጣ ጥናት የሦስት ዓመት ልጆችን ነበር የተመለከተው። ለአንዳንዶቹ ተመሳሳይ ታሪክ በተደጋጋሚ፣ ለሌሎቹ የተለያዩ ታሪኮች ተነበቡላቸው። አዲሶቹን ቃላት ሁሉም የሰሙት እኩል ጊዜ ነው። ቃላቱን በተሻለ የያዙት ግን አንዱን ታሪክ ደጋግመው የሰሙት ናቸው።

መጀመሪያ ሲሰማ ማን ምን እንደሆነ ለመከተል ነው የሚታገለው። በሚቀጥለው ጊዜ ምክንያቱን ያያል። ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር። ታሪኩን ካወቀው በኋላ ነው ዓይኑ ነፃ የሚወጣው። ገጽ ስትዘልበት መንቃቱም ታሪኩ ጭንቅላቱ ውስጥ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰድሮ መቀመጡን ነው የሚያሳይህ።


ማታ አንባቢዋ፦

እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ያንኑ መጽሐፍ መቶ ጊዜ የምታነበው አንተ ነህና አንተንም የማያሰለችህን ምረጥ። ይህን ስል ስስት እንዳይመስልብኝ። ልጅ የአባቱን ድምፅ ያውቀዋል፤ ስትሰለች ይሰማዋል። አዲስ መጽሐፍ ሳመጣ መጀመሪያ ብቻዬን ድምፅ አውጥቼ አነበዋለሁ። አረፍተ ነገሩ አፌ ላይ ከተንከባለለ፣ ሥዕሉ ላይ እኔን ፈገግ ያሰኘ ነገር ካለ፣ ያ መጽሐፍ ቤታችን ይቆያል።


ዝምተኛው፦

ስለ ጥያቄ መጠየቅስ ምን ትላላችሁ? እኔ በየገጹ እጠይቃለሁ። ይህ ምንድን ነው፣ ቀለሙ ምንድን ነው፣ ስንት ናቸው። ሚስቴ «ፈተና አደረግከው» ትለኛለች።


ቲቸር ነኝ፦

ባለቤትህ ትክክል ናት። መጠየቅህ ግን ጥሩ ነው፣ አታቁመው፤ ዓይነቱን ለውጠው። እ.ኤ.አ. በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ ተመራማሪዎች አንዳንድ ወላጆችን አሠልጥነው ነበር። አንብቦ ከመጨረስ ይልቅ ልጁን ማናገር፣ ሰፊ ጥያቄ መጠየቅ፣ ልጁ የተናገረውን ተቀብሎ ትንሽ ጨምሮ መመለስ። ሁለትና ሦስት ዓመት አካባቢ ያሉት ልጆቻቸው በአንድ ወር ውስጥ ንግግራቸው ከሌሎቹ ልጆች በግልጽ ቀደመ።

«ቀለሙ ምንድን ነው?» መልሱ አንድ ቃል ነው፣ አንተም መልሱን ታውቀዋለህ፣ ልጁም እንደምታውቀው ያውቃል። «እዚህ ጋ ምን እየሆነ ነው?» ስትለው ግን እሱ ነው ባለ ጉዳዩ። «ውሻ ሮጠ» ካለህ «አዎ፣ ትልቁ ውሻ ከዝናቡ ሊያመልጥ ሮጠ» በለው። ከዚያ ጠብቅ። ዝም ብለህ ጠብቅ። ብዙ አባቶች የሚከብዳቸው ይህ መጠበቁ ነው። ልጁ ቃሉን እየፈለገ እያለ እኛ እንነጥቀዋለን።


ዝምተኛው፦

ተቀብያለሁ። ዛሬ ማታ እሞክረዋለሁ። በምክሩ ጉዳይ ግን ሙሉ በሙሉ አላሳመናችሁኝም። አንዳንድ ነገር በግልጽ መነገር አለበት ብዬ አሁንም አምናለሁ።


ማታ አንባቢዋ፦

ይነገር ወንድሜ፣ በአንተ አፍ ይነገር። ከመጽሐፉ ይልቅ አንተን ነው የሚሰማህ።


አዲስ እናት፦

የሚያስፈሩ ሥዕሎችስ? የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቷ ነው፣ ተኩላ ያለበት ገጽ ጋ ስንደርስ ዓይኗን ትሸፍናለች። እህቴ መጽሐፉን ልታርቀው ፈልጋለች። ልጅቷ ግን ራሷ ነው እያነሣች የምታመጣው።


ማታ አንባቢዋ፦

እንግዲህ ራሷ የምታመጣው ከሆነ አትንጠቋት። ፍርሃትን እየተለማመደችው ነው፣ ያውም ሰው ጉልበት ላይ ተቀምጣ። ከቴሌቪዥን የሚለየውም ይህ ነው፤ መጽሐፉን የምትዘጋው እሷ ናት። የእኔ ልጅም እንዲህ ዓይነት ገጽ ነበራት፣ ሁለት ገጽ ባንድ ላይ ይዛ ትገልጠውና ታልፈው ነበር። ከጊዜ በኋላ በጣቷ ስንጥቅ ከፍታ ማየት ጀመረች። አሁን ተኩላውን በስም ትጠራዋለች። ሌሊት የምትባንን፣ መተኛት የሚያስቸግራት ከሆነ ግን መጽሐፉን ለጊዜው ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው፤ በግድ የሚለመድ ነገር የለም።


ራቅ ብላ የምትኖር፦

ማታ አንባቢዋ፣ ያልሽኝን አደረግኩት። ጽሑፉን በወረቀት ሸፈንኩትና በራሴ ቋንቋ ተረኩላቸው። ትንሹ ወረቀቱን አንሥቶ «ከሥሩ ምን አለ?» አለኝ። «ፊደል» አልኩት። ተመልሶ ሸፈነውና «ቀጥዪ» አለ። ከያዝናቸው ውስጥ ግን ሁለቱ አልሠሩም። ልክ እንዳልሽው ሁለተኛው ገጽ ላይ የምለው ጠፋኝ። ሥዕሎቹ ያምራሉ፣ ግን ዝም ብለው የቆሙ ናቸው።


ቀለምና ብሩሽ፦

እነዚያን ሁለቱን አትጣያቸው። ዝም ብሎ የቆመ ሥዕል ለመሰየም ይጠቅማል፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያ ምንድን ነው ለሚለው ትንሹ ልጅ። ታሪክ ስትፈልጉ ግን ሌላ አምጪ።


አዲስ እናት፦

የመጨረሻ ጥያቄ፣ ቃል እገባለሁ። የካርቶኑ መጽሐፍ ጥጉ በምራቅ ርሶ መላጥ ጀምሯል። ምን ይደረጋል?


ቲቸር ነኝ፦

መጀመሪያ ገጾቹን ከፍተሽ በደንብ ይድረቅ፤ ርጥቡ ላይ ከለጠፍሽበት ይሻግታል። ከዚያ ሰፊ ስኮች ወስደሽ ጥጉን ከፊትም ከኋላም አጥፈሽ ሸፍኚው፣ ጫፉ እንዳይነሣ በጥፍርሽ እሺው። የተላጠው ቁራጭ አፉ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግን ቆርጠሽ አውጪው። ስኮቹም ተነሥቶ ካየሽው ወዲያው ቀይሪው፣ ሊውጠው ይችላል።